የጠበልተኞቹ ቤት በር

ሰው ሲመረው የሚላት አንዲት አባባል አለች። ታክሲ ውስጥ ተጣቦ ተቀምጦ፣ ረዳቱ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሰው እንዘን» እያለ አራተኛ ሰው ሲጨምርበት ይላታል። ሠርግ ተጠርቶ፣ «እርስዎማ እዚህ ነው የሚቀመጡት» ተብሎ ክብር ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ወጡ ሳይደርሰው ሲቀር ይላታል። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴን ዘመዱ «የቤትህን ቧንቧ በነፃ ልሥራልህ» ብሎት ሳሎኑ በውሃ ሲጥለቀለቅ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘመዱ ደግሞ ተቀየመ። በነፃ ሠርቶ መሰደቡ ነው የከነከነው።

አባባሏን አሁን አልነግራችሁም። ከመካከላችሁ የገመተ ካለ ዝም ይበል፤ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ያሳየዋል። ለእኔ የነገረኝ የአክስቴ ባል ነው። አናጢ ነበር፤ ሲያወራ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለነበር ግማሹን የሰማሁት በምስማሮቹ መሐል ሾልኮ ነው። ስለዚህ የጎደለውን እኔ ሞልቼዋለሁ። እሱም ከሌላ ሲሰማው ሳይሞላ አልቀረም።

ወሎ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ ከምትባል መንደር ገደሉን ቁልቁል ሲወርዱ፣ የገደሉ አቦ የሚባል ጠበል ነበር አሉ። ከደጋም ከቆላም ሕመምተኛ ይመጣበታል። በቃሬዛ የሚመጣ አለ፣ በበቅሎ የሚመጣ አለ፣ በልጆቹ ትከሻ ተንጠልጥሎ የሚመጣም አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል። ጠበሉን ይጠመቅና ይጠጣና ገደሉ ሥር ካለው ዋርካ ጥላ ይጋደማል። በበጋ ዋርካው በቂ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዝናብ ይመጣል፣ ከዝናቡ ጋር ጅብ ይመጣል። ጅብ ደግሞ ቶሎ ሮጦ የማያመልጠውን ሰው ከሩቁ ያውቀዋል።

አንድ ክረምት፣ አንድ ሽማግሌ ጠበልተኛን ከዋርካው ሥር ጅብ ወሰዳቸው። ጠዋት የተገኘው መቋሚያቸው ብቻ ነበር። መቋሚያውን ያነሡት እማሆይ ስንዱ ናቸው፤ ለጠበልተኞቹ ውሃ የሚቀዱ፣ ቆሎ የሚያድሉ፣ የሞተውን የሚገንዙ መነኩሲት ነበሩ። ቁመታቸው ከመቋሚያው እምብዛም አይበልጥም። እንባቸውን ጠረጉ፤ መቋሚያውን እየተመረኮዙ ገደሉን ሽቅብ ወጡ። ገበያው መሐል ሲደርሱ ቆሙና፣

«በሚመጣው ክረምት እዚያ ጠበል ላይ አንድም ሰው ደጅ አያድርም። ቤት ይሠራል። በር ያለው ቤት!» አሉ።

ልመና አይደለም፤ ውሳኔ ነው ያሰሙት። ገበሬው ማገርና ሣር በደቦ ሊያወጣ ወዲያው ተስማማ። ከዚያ እማሆይ ወደ ባለሙያዎቹ ዞሩ። በሰኞ ገበያ ባለሙያ የሚባሉት ሦስት ናቸው፤ ግንበኛው ዘለቀ፣ ብረት ቀጥቃጩ እንድሪስና አናጢው አያ ድረስ።

«ከእናንተ የምፈልገው እጃችሁንና ዕቃችሁን ነው። ድንጋዩም፣ ብረቱም፣ ሳንቃውም ከቤታችሁ። ዋጋችሁን አቦ ይክፈሏችሁ» አሏቸው።

«እኔስ እማሆይ?» አለ እንድሪስ እየሣቀ። «አቦ ለሙስሊም ይከፍላሉ?»

«ጅቡ ሃይማኖት ይጠይቃል እንዴ? ላንተ አላህ ይክፈልህ። እነሱ እዚያ ላይ ይተሳሰባሉ።»

ሦስቱም እሺ አሉ። ችግሩ ባለሙያ እሺ ካለ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው። ቀደም ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሲሠራ አያ ድረስ መስኮቱን በነፃ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠላ ቤት በገባ ቁጥር «ካህናቱ ልብሳቸውን ለይተው የሚለብሱት በማን መስኮት ብርሃን ሆነና!» ይላል። ዘለቀ ደግሞ «መስኮቱ የተተከለው አየር ላይ ነው ወይስ በእኔ ግድግዳ?» ይለዋል። አንድ የጥምቀት ዕለት ነገሩ ከረረና ሁለቱ ታቦቱ ፊት ሊተናነቁ ሲሉ ሕዝቡ ነው የገላገላቸው። የደብሩ ቄስ መምሬ አድማሱ ያን ቀን የደረሰባቸውን እፍረት አልረሱም።

እናም የጠበልተኞቹ ቤት ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ሰብስበው ቃል አስገቧቸው።

«ስሙኝ» አሉ። «ምጽዋት ስንቅ ናት። እዚህ በወሬ የበላት ሰው እዚያ ደርሶ የሚከፍተው ባዶ አገልግል ነው። ማን ምን እንደሠራ ከአንዳችሁ አፍ አንድ ቃል ከወጣ፣ ያ ሰው ጽድቁን በላ! ለጎረቤት አይነገር። ለሚስት አይነገር። እርስ በርሳችሁም ቢሆን አትነጋገሩ።»

«የእኛም ሼህ እንዲሁ ነው የሚሉት» አለ እንድሪስ። «ሰደቃ ከአፍ ከወጣ አለቀ።»

ነገሩ ከሁሉ በላይ የነካው አያ ድረስን ነው። አያ ድረስ ሸምግሏል፤ ልጅ የለውም። ቆጡ ላይ ለዓመታት ያስቀመጣቸው የዋንዛ ሳንቃዎች ነበሩት፤ ለራሱ ሬሳ ሣጥን ነው ያስቀመጣቸው። ዕድሜ ልኩን የሰጠው ነገር ጥቂት አይደለም። ሆኖም አንዱንም ሳያወራው አልቀረም፤ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ቢያስበው በአፉ ያልበላው ምጽዋት አጣ። ደነገጠ። ቤቱ ገብቶ መሰላሉን አስጠጋና ሳንቃዎቹን ከቆጡ አወረዳቸው።

«አንድ በር» አለ ለብቻው። «አንድ በር እንኳ ሳላወራ ሠርቼ ልሙት።»

ይህን ያለው ከአንጀቱ ነው። አያ ድረስን የሚያውቅ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ከባድ ስለት ሊሳል እንደማይችል ያውቃል።

እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር በር እንዲህ ነበር የሚሠራው፦ ግንበኛው ግድግዳው ላይ የበሩን ቦታ ከተወ በኋላ ሸምበቆ ይቆርጥና በቁመቱና በወርዱ ልክ ሰብሮ ወደ አናጢው ቤት ይዞ ይሄዳል። አናጢው ጠላ ያቀርባል። ሸምበቆውን መሐል አስቀምጠው ይከራከራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ በመጨረሻ ይስማማሉ። አናጢው ደግሞ ያንኑ ሸምበቆ ለቀጥቃጩ ይልክለታል፤ መቀርቀሪያውም በዚያ ልክ ይቀጠቀጣል። አሁን ይህ ሁሉ ቀረ። ሸምበቆ ይዞ ሰው ቤት መሄድ መናገር ነዋ! ጠላው ላይ የሚከተለውማ ባይነሣ ይሻላል።

ማንም ግን አልተጨነቀም፤ የበር ልክ በአገሩ የታወቀ ነው። ቁመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ክንድ። ይህን የማያውቅ የለም። በማን ክንድ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ዘለቀ እንግድነት በሄደበት ቤት ሁሉ ግንባሩን ጉበን የሚመታው ቀውላላ ነው። አያ ድረስ ደግሞ ቆሞ ሳለ «ኧረ ተነሥተህ ሰላም በል» የሚባል አጭር ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በሰኞ ገበያ የነገሠው ዝምታ ለጉድ ነበር። አያ ድረስ የግቢውን በር ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ይልጋል፣ ይጠርባል። ሚስቱ ዘርፌ ሳንቃዎቹ ከቆጡ መውረዳቸውን ስታይ ክው አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ይህን ያህል ይንኳኳል?»

ወደ መጥረቢያው ተመለሰ። ሣጥኑን እየሠራ ነው ብላ ለጎረቤት አልቅሳ ነገረች። ጎረቤቱ እርጎም ድፎም እየያዘ ሊጠይቀው መጣ፤ እሱም እንደ ታመመ ሰው ጋቢ ተከናንቦ እርጎውን ጠጣ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። ገበያ ላይ ከእንድሪስ ጋር ሲገናኙ ደግሞ፣ የአንዱ ጢም ፍቅፋቂ ሞልቶት፣ የሌላው እጅ ጥላሸት ለብሶ፣

«አያ ድረስ፣ ሰሞኑን የያዝከው ሥራ አለ?»

«ኧረ የለኝም። አንተስ?»

«እኔም የለኝም» ይባባሉና እየተቻኮሉ ይለያያሉ። ዘለቀም እንደዚሁ ነው፤ ድንጋዩን የሚጠርበው ሕዝቡ ማሳ ሲወርድ ጠብቆ ነው። ግድግዳው ሲያድግ ይታያል፣ ያሳደገው ሰው ግን አይታይም። ገበሬው በሣቅ ፈረሰ።

በዚያ በጋ ከመጡት ጠበልተኞች አንዷ ብርቄ ትባላለች። ገና ወጣት ናት፤ ክፉ ሕመም ታማ እግሮቿ አልታዘዝ ስላሏት ሁለት ወንድሞቿ ከቆላ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ጠበሉን ስትጠመቅ ሰንብታ አንድ ቀን የእግሯን ጣት አንቀሳቀሰች። እማሆይ እልል አሉ። ብርቄ ግን እልል አላለችም፤ ጣቷን ትክ ብላ እያየች፣ «እንግዲህ ከዚህ የምሄደው በእግሬ ነው» አለች።

ወንድሞቿ ምስኪን ገበሬዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መዝራት አለባቸው፤ ካልዘሩ ከነልጆቻቸው የሚበሉት የለም። ለእማሆይ እቅጩን ነገሯቸው።

«የሚዘጋ በር ካለ ለእርስዎ ትተናት እንሄዳለን። ከሌለ ይዘናት እንሄዳለን። እኅታችንን ለጅብ አስረክበን አንዘራም።»

«በሩ ይኖራል» አሉ እማሆይ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ክዳኑ ተከደነና ቤቱ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ሰማዩ ከማለዳው ጠቁሯል። ሕዝቡ ገደሉን ወርዶ ሲደርስ ግድግዳው ላይ አንድ በር ተደግፎ ቆሟል። ማን እንዳመጣው ያየ የለም። አጠገቡም መቀርቀሪያና ማጠፊያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በሩ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሳንቃው ለሳንቃው ተጋጥሞ መርፌ አያሳልፍም። ጌጥ የሚባል ግን የለበትም። አያ ድረስ በሠራው በር ሁሉ ላይ የሚቀርጻት መስቀል ነበረችው፤ ያቺን ቢቀርጽ መናገር ይሆንበታልና ተዋት። እጁ ምን ያህል እንደበላው እሱ ያውቃል።

ጎበዞች በሩን አንሥተው ወደ ቦታው አስጠጉት። ከላይ ክፍት ሆነ። ወደ ላይ ከፍ አደረጉት፤ ከታች ክፍት ሆነ። ወደ ቀኝ ገፉት፤ ከግራ ጅብ ያስገባል። መቀርቀሪያውም ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ቀረ። አንድ ሰው ሣቀ፤ ሌላውም ተከተለ። የብርቄን ቃሬዛ ይዘው የቆሙት ወንድሞቿ አለመሣቃቸው ሲታይ ሣቁ ቆመ።

«ይህን በር ማን ነው የሠራው?» አሉ እማሆይ።

በአካባቢው ያለው አናጢ አንድ ነው። ያ አንድ አናጢ ደመናውን እያየ ነው።

«አያ ድረስ፣ ይህ በር ያንተ አይደለም?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ እማሆይ።»

«ዘለቀ፣ ይህን ያህል የተውከው ዝሆን ሊገባበት ነው?»

«ማን? እኔ?» አለ ዘለቀ፤ ግድግዳውን ገና አሁን ያየው ይመስላል።

«እንድሪስ?»

እንድሪስ ጥፍሩን መረመረ። «ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ደረስሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

«እሺ፣ ማንም ይሥራው። አሁን አስተካክሉት!»

«እኔ የሰው ምጽዋት አልነካም» አለ ዘለቀ። «ብነካው የባለቤቱን ጽድቅ መሻማት ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ እንድሪስ።

ሕዝቡ ወደ መምሬ አድማሱ ዞረ። መምሬ ጢማቸውን ያዙ። ራሳቸው ያሰሩት ማሰሪያ ነው፤ እሳቸው ቢፈቱት ደግሞ ቃላቸውን ማጠፍ ነው። «እስቲ... ለጊዜው ክፍተቱ በእሾህ ቢዘጋስ?» አሉ።

«ጅብ እሾህ የሚፈራ ቢሆን የኛ በረት አይደፈርም ነበር» አለ የብርቄ ታላቅ ወንድም። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ነጎድጓዱ ከወዲያ ማዶ ጀምሯል። «እማሆይ፣ ስለደከሙልን እግዜር ይስጥልን። ይዘናት እንሄዳለን። ዘሩ አይጠብቀንም።»

ቃሬዛውን አንሥተው መንገድ ጀመሩ። በግድግዳው ጥግ ሲያልፉ ግን ብርቄ እጇን ዘርግታ የበሩን ድንጋይ ጨብጣ ያዘች። ቃሬዛው ተንገዳገደና ቆመ።

«ልቀቂ፣ ብርቄ!»

«አልለቅም!»

«እጅሽ ይላጣል!»

«ይላጥ! ከእጄ ነው ጤናዬ ያለው፣ እሱን ልጠቀምበት እንጂ!» አለች። ከዚያ ወደተሰበሰበው ሰው ዞራ፣ በዚያ የሕመምተኛ ድምፅ ጮኸች። «ሁላችሁም ጽድቃችሁን ታቅፋችሁ ቆማችኋል! ጽድቃችሁን እኔ አልነካባችሁም። ይህን በር የሠራው ሰው ግን እባክህ፣ የእኔ ነው በል! ጣቴ ተንቀሳቅሷል! ጣቴ ተንቀሳቅሶ ሳለ ልመለስ?»

አያ ድረስ እጇን አየ። ድንጋዩን እንደጨበጠ ደም እየወረደው ነው። ያ በር ለሰማይ ቤት የያዘው ብቸኛ ስንቁ ነው፤ በዕድሜው ያላወራው አንድ ነገር እሱ ነው። ሣጥን እንደሆነ ከእንግዲህ የለውም፤ ሳንቃው በር ሆኗል። አሁን ከተናገረ ያለ ሣጥንም ያለ ጽድቅም ሊቀበር ነው። አዘነ፤ ከልቡ አዘነ። እንባው መጣ። ከዚያ ኩታውን ከትከሻው ወርውሮ ወደ በሩ ሄደና በጥፊ መታው።

«በሩ የእኔ ነው!» አለ። ድምፁን ገደሉ አስተጋባው። «ሳንቃው የእኔ ነው፤ ለሬሳዬ ያስቀመጥሁት ዋንዛ ነው! ያጠረውም በእኔ ክንድ ለክቼው ነው! ዘለቀ፣ ና ወዲህ! ክንድህን አምጣ!»

ዘለቀ ወደ መምሬ አየ፣ ወደ እማሆይ አየ፣ ከዚያ መጣ። ሁለቱ ክርናቸውን አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቆሙ። የአያ ድረስ መሐል ጣት የደረሰችው ከዘለቀ የእጅ አንጓ ትንሽ አለፍ ብላ ነው። ሕዝቡ ዋይ! አለ።

«ግድግዳውም የእኔ ነው» አለ ዘለቀ፣ ጥርሱን እየነቀሉት ያለ ይመስል።

«መቀርቀሪያውም የእኔ ነው፣ ወላሂ!» አለ እንድሪስ። «አልሃምዱሊላህ፣ ተገላገልሁ! ስንት ጊዜ በእንቅልፌ እንዳላወራ ብዬ ሚስቴን ሌላ ቤት አሳደርኋት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአክስቴ ባል ሲነግረኝ ምስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ ነበር። አያ ድረስ ሸምበቆ አስቆረጠ። ሸምበቆው በቁመቱና በወርዱ ተሰበረ፤ ወጉ እንደሆነም ክርክሩ ተጀመረ።

«በሩን አሳድገው» አለ ዘለቀ።

«እንጨት ወተት ጠጥቶ አያድግም። ግድግዳህ ይውረድ!»

«ግድግዳ እንዴት ይወርዳል?»

«ደፉን በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ ጉበኑን ዝቅ አድርገው! ጎርፉም አይገባ። ወርዱን እኔ እሞላዋለሁ፤ አንዲት ሳንቃ ተርፋኛለች።»

አንድ ጎበዝ ሳንቃዋን ሊያመጣ ገደሉን ሽቅብ ሮጠ። ሳንቃዋን ተሸክሞ ሲመለስ ዘርፌ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ከኋላው ደረሰች። ባሏን መጋዝ ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ እየተሳደበ ስታገኘው አፏን ይዛ ቆመች።

«በር ነው?» አለች። «ያን ሁሉ ያለቀስሁት ለበር ነው?»

«ወዲያ ያዢልኝ ሳንቃውን!» አላት።

ያዘችለት። እንድሪስ ወናፉን ዋርካው ሥር አስተክሎ መቀርቀሪያውን እሳት አገባው፤ አቅልቶ፣ ቀጥቅጦ አስረዘመው። ጠበልተኞቹ መቀመጥ የሚችሉት ጭቃ ያቦካሉ፣ የማይችሉት ድንጋይ እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ። መምሬ አድማሱ ራሳቸው ጥምጥማቸውን አውልቀው ድንጋይ ተሸከሙ። ብርቄ ቃሬዛዋ ላይ እንደተጋደመች እጇ በጨርቅ ተጠምጥሞ ሸምበቆውን ይዛለች፤ አያ ድረስ «ልኩን ላንቺ ሰጥቻለሁ፣ እንዳታስነኪው» ብሏት ነበርና ማንንም አላስነካችም።

ደመናው ወረደ። ነፋሱ ሣሩን ያንቋቋው ጀመር። «ተዉት፣ ነገ ይጨረስ» ያለ ሰው ነበር፤ እማሆይ በመቋሚያው ጀርባውን ነካ ሲያደርጉት ወደ ጭቃው ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ በሩ ማጠፊያው ላይ ተቀመጠ። አያ ድረስ በአንድ ጣቱ ገፋው። ሄዶ ገጠመ። ከላይም ከታችም ከጎንም ብርሃን አላሳየም።

ወንድሞቿ ብርቄን ሊያስገቧት ሲሉ «በሩን እኔ ነኝ የምዘጋው» አለች። እማሆይና ዘርፌ ከውስጥ ሆነው በብብቷ ደግፈው አቆሟት። እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን መሬቱን ነክተዋል። በተላጠ እጇ መቀርቀሪያውን ገፋች፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ወንድሞቿ ከውጭ በትከሻቸው በሩን ደጋግመው ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«ሂዱ እንግዲህ!» አለች ከውስጥ። «ዘሩ ይጠብቃችኋል!»

ታላቅየው ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሁለቱም በዝናቡ መሐል ቁልቁል ሄዱ።

ሕዝቡ ከክዳኑ ጥግ ተጠለለ። ዘለቀና እንድሪስ ከወዲሁ ጀምረዋል፤ «ያለ እኔ ደፍ ያ በር የት ይቆም ነበር?» «ያለ እኔ መቀርቀሪያ ጅቡን ማን ሊመልሰው ነው?» ይባባላሉ። አያ ድረስ ብቻ በኩታው ጫፍ መጋዙን ያደርቃል። መምሬ አድማሱ ጭቃ በነካው ካባቸው ቀስ ብለው አጠገቡ መጡ። ሊነቅፉት አልነበረም፤ አሳዝኗቸው ነው።

«አያ ድረስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፍህን ይዘህ ከርመህ፣ ደርሰህ ደርሰህ ተናገርህ» አሉት። «አገልግልህ ባዶ ቀረ እኮ፣ ወንድሜ።»

አያ ድረስ መጋዙን አስቀመጠና መዳፉን በበሩ ላይ አሳረፈ። ከውስጥ ብርቄ ስትሥቅ ይሰማል።

«መምሬ፣ ልንገርዎት? ያን ጎደሎ በር አዝዬ ሰማይ ቤት ብደርስ፣ ይህ የማን ሥራ ነው ሲሉኝ እዚያም ደመና ደመናውን እያየሁ ልቆም ነው? ከእንግዲህማ በየጠላ ቤቱ አወራዋለሁ፤ ነገም መጥቼ መስቀሌን እቀርጽበታለሁ።» አለና በሩን እንደገና ገፋ አድርጎ አየው። «ሰው ለጅብ ሰጥቼ ከምጸድቅ፣ ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ!»